የጋሼ ጋውን

ኮሎኔሉ «ጤናችሁ ያሳስበናል» ያሉን ዕለት ነው ነገር የሸተተኝ።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። እኛ የጦር ሠፈሩ ሲቪል ሠራተኞች ነን። ወታደሩ ተሰልፎ ሲያልፍ ግድግዳ ተጠግተን እናሳልፋለን፤ ትልቅ እንግዳ መጥቶ ፎቶ ሲነሳ «እናንተ ገለል በሉ» እንባላለን። ሥራችን ፓራሹት ነው። ከዝላይ የተመለሰውን እንቀበላለን፣ ጭቃውንና እሾሁን እንለቅማለን፣ የተቀደደውን እንሰፋለን፣ የራሰውን ማማው ላይ ሰቅለን እናደርቃለን፣ በመጨረሻም ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ አጥፈን ቦርሳው ውስጥ እንከታለን። ጣሪያው ሲያፈስብን፣ መስኮቱ ተሰብሮ ንፋስ ሲገርፈን፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ወልቆ አንዳችን ለአንዳችን ዘብ ስንቆም ማንንም አላሳሰብንም። ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘና ነው ጤናችን እንቅልፍ የነሳቸው?

«በሳምንት ሦስት ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ስፖርት ትሠራላችሁ» አሉ ኮሎኔሉ መጋዘኑ መሃል ቆመው። «አሰልጣኝ ተመድቦላችኋል። ሐኪምም ይመጣላችኋል። ደመወዛችሁ አይነካም።»

ደመወዝ ይነካል ያለ ሰው አልነበረም። ማንም ሳይጠይቀው «አይነካም» የሚል አለቃ ሳይ እኔ ወዲያው ኪሴን እዳብሳለሁ።

ከስፌት ክፍሏ ራዲዮ አጠገብ ነበር የቆምኩት። ራዲዮ የምንላት ዜና ከእሷ ቀድሞ የትም ስለማይደርስ ነው። ቤቷም እኛው ሕንፃ ላይ ስለሆነ ቀን ሥራ ቦታ የጀመረችውን ወሬ ማታ ለሚስቴ ትጨርስላታለች።

«ሊቀንሱን ነው» አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እሱማ የታወቀ ነው» አልኳት።

ጠርጣራ ነህ ይሉኛል። ሚስቴማ «አንተ እኮ ፀሐይ ስትወጣ እንኳን ምን ፈልጋ ነው ትላለህ» ትለኛለች። ይበሉኝ፤ እኔ በባዶ ሜዳ አልጠረጥርም። ከዚህ በፊት «ነፃ የዓይን ምርመራ» ብለው ነበር። ደስ ብሎን ተሰለፍን። ፊደሎቹን ማንበብ ያቃታቸው ሰዎች መነጽር ይሰጣቸዋል ብለን ስንጠብቅ፣ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ተነስተው እጥበት ክፍል ተወረወሩ። መነጽሩ ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ኮሎኔሉ ተናግረው ሲጨርሱ ዓይኔ የሄደው ወደ ጋሼ ነው። ጋሼ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። እዚህ ሥራ ያስገባኝ እሱ፣ እህቱን የዳረልኝ እሱ፣ ማጠፍ ያስተማረኝም እሱ ነው። የማጠፊያው ጠረጴዛ ራስ ላይ ይቆማል፤ እሱ ሳያየው ከመጋዘኑ የሚወጣ ፓራሹት የለም። ጡረታው ሊደርስለት ጥቂት ነው የቀረው። ያችን ጥቂት ሳይጨርስ «ለሥራ ብቁ አይደለም» ከተባለ ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው፤ የሚኖረው የጦር ሠፈሩ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሥራውም ቤቱም በአንድ ቀን ይሄድበታል። ጋሼ ደግሞ ትንፋሹ ከድቶታል። የማማውን ደረጃ ግማሽ ድረስ ወጥቶ ሳል ይይዘውና የብረቱን መደገፊያ አቅፎ ይቀራል።

ስለዚህ የእሱን ተራ እኔ እወጣለታለሁ። ማማው ረጅም ነው፤ ፓራሹቱ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሎ እንዲደርቅ ተብሎ የተሠራ። የራሰ ፓራሹት ትከሻ ላይ ተጭኖ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት ጨዋታ አይደለም። ከላይ ሆኜ ገመዱን ስጎትትማ ግራ ክንዴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሰልጣኟ ሃምሳ አለቃ ናት፤ ገና ወጣት፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች፣ ፈገግታ የማይለያት። እኔ ደግሞ ያለምክንያት የሚስቅ ወታደር አልወድም።

«አባቶች፣ እናቶች! ዛሬ ወገባችንን እናፍታታለን!» አለች የመጀመሪያው ቀን ሜዳው ላይ አሰልፋን።

«የኔን እንኳን ተይው ልጄ፣ ከተፈታ የሚሰበስበው የለም» አለች ራዲዮ፣ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ።

ሜዳውን እየዞርን በፍጥነት መራመድ ጀመርን። ግራጫ ጋውን የለበሰ ሽማግሌና ባልቴት ተከታትሎ ሲዞር ዘቦቹ ከበሩ ላይ ሆነው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሌላው ሰው ወሬውን እያወራ ይሄዳል፤ እኔ አሰልጣኟ የምታይበትን አያለሁ። ማን እንዳለከለከ፣ ማን ወደኋላ እንደቀረ አንድ በአንድ ታያለች። ጋሼ በየዙሩ የጫማው ማሰሪያ እየተፈታበት ጎንበስ ይላል። መፍታቱን የሚፈታው እሱው ራሱ ነው፤ ትንፋሽ ለመሰብሰብ።

«ጋሼ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይግዙ እንጂ!» አለችው እየሳቀች።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሳቄን ዋጥኩ። አይታዋለች ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሰዉ እየወደደው መጣ። እጥበት ክፍል ያሉት ወገባችን ቀለለን አሉ። ራዲዮ እንኳን «እንቅልፌ ተስተካከለ» ብላ ከዳችኝ። እኔ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ፤ «ቆዩ፣ ገና ጥሬውን እየበተኑልን ነው፣ ወጥመዱ ይመጣል» አልኳቸው። መጣም። አንድ ቀን አሰልጣኟ ፊሽካዋን ነፋችና፣ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ የሆነ ሁሉ በስፖርቱ ለመቀጠል ልቡን መመርመር ግዴታው ነው አለች። ከሆስፒታል ሐኪም ይመጣል። ከሃምሳ በታች ያለ በፈቃዱ።

«አንተስ?» አለችኝ፤ እኔ ለሃምሳ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

«ምን ቆርጦኝ!» አልኩ።

በምሳ ሰዓት ጋሼን ማማው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሻዩ እጁ ላይ ቀዝቅዟል።

«አለቀልኝ» አለ። «ደረቴን አንድ ጊዜ ካዳመጡኝ የትንፋሼን ነገር ያውቁታል። ያቺን ቤት ለቅቄ ወዴት ነው የምገባው?»

አንጀቴን በላው። ጋሼ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወዲያው ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

«ጋውንህን ስጠኝ» አልኩት።

እዚህ ላይ የጋውንን ነገር ማስረዳት አለብኝ። ወታደሩ ትከሻው ላይ ማዕረግ አለው። ሲቪል ማዕረግ ስለሌለው ግራጫ ጋውን ደረቱ ላይ ቁጥር ተሰፍቶበት ይሰጠዋል። በር ላይ ያለው ዘብ ቁጥር ነው የሚያየው እንጂ ፊት አያይም። ዕቃ ስናወጣ በቁጥር፣ ሻይ ክበብ በቁጥር፣ ስንቀጣም በቁጥር ነው። እኛም ከመልመዳችን የተነሳ እርስ በርሳችን «ሰባ ሁለት ሰላም ነሽ?» እንባባላለን። ታዲያ አንዱ ልጁ ቢታመምበት ወይም ለቅሶ ቢኖርበት ጋውኑን ለጓደኛው ትቶ ይሄዳል። ጓደኛው አንዴ የራሱን፣ አንዴ የሰውየውን እየለበሰ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጋውኑ ከታየ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። በዚህ የተያዘ ሰው የለም። የኔ ቁጥር ዘጠና አራት ነው፣ የጋሼ ስልሳ አንድ።

«አብደሃል? የልብ ምርመራ እኮ ነው» አለ ጋሼ።

«ሐኪሟ ማንን ታውቃለች? ሽበት እንደሆነ እኔም አለኝ። ደረጃውን በቀን ስንቴ እንደምወጣው ታውቃለህ። የኔን ልብ አይተው አንተን ማን ይነካሃል?»

ጥቂት ተግደረደረ። ከዚያ ጋውኑን አወለቀና አጥፎ ሰጠኝ። ያው ጋሼ ነውና ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክሎ ነው ያጠፈው።

መመርመሪያው ክፍል የድሮው የቀለም ማስቀመጫ ነበር፤ ሽታው ገና አልለቀቀውም። አሰልጣኟ ከሌሎቹ ጋር ሜዳ ላይ ስለነበረች የሚያውቀኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ሐኪሟ ሻምበል ናት፤ መነጽር ያደረገች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ።

«ስልሳ አንድ» አለች ደረቴን አይታ።

«አቤት።»

«ይቀመጡ ጋሼ።»

በሆዴ ሳቅኩ። ጥያቄዋን ጀመረች።

«ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ይጨንቅዎታል?»

«በጭራሽ።»

«ግራ ክንድዎን ያምዎታል?»

ደም ስሬ ተገተረ። ማን ነገራት? ይቺ ፊሽካ ነፊ ሜዳው ላይ ክንዴን ስይዝ አይታኝ ይሆናል። «እንደ ብረት ነው» አልኩ።

«ሳይሞቅዎት ላብ ያጠምቅዎታል?»

ያን ጊዜ ራሱ ግንባሬ ላይ ችፍ ብሎ ነበር። «አያውቀኝም» አልኩ በእጅጌዬ እየጠረግኩ። ወጥመድ መሆኑ የገባው ሰው ቢያልበው ምን ይገርማል?

አጋደመችኝና ደረቴ ላይ ገመዶች ለጣጠፈች። ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ሄደ። ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ። ገመዶቹን እንደገና አስተካክላ ማሽኑን ደገመችው። ከዚያ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አወጣችኝ፤ ገና ሞቅ ሳይለኝ «ይበቃል፣ ይውረዱ» አለች።

«ምነው? ገና መቼ ጀመርኩ።»

«ይውረዱ!» አለች በወታደር ድምፅ። ወዲያው ደግሞ ለስለስ አለችና «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለችኝ።

ይሄን ጥያቄ ፈጽሞ አልወደድኩትም። ልብ ከሚመረምር ሰው ጋር ቤቴ ምን አገናኘው? «ከሚስቴ ጋር» አልኩ ባጭሩ።

«ውጤትዎን ለአለቃዬ ላሳይና ዛሬውኑ አስጠራዎታለሁ። ከግቢው እንዳይወጡ። ከባድ ነገርም እንዳያነሱ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ጋውኑን ማማው ሥር ለጋሼ መለስኩለትና «እንደ ጎረምሳ ነው ያለፍኩልህ» አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ።

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኟ መጋዘኑ ውስጥ ገባች። ፈገግታዋ የለም። «ስልሳ አንድ!» አለች። ጋሼ ከጠረጴዛው ራስ ቀና አለ። ወደ ጎን ወሰደችውና ስታነጋግረው ፊቱ አመድ ሲለብስ ከሩቅ አየሁት። ተመልሶ አጠገቤ ቆመ።

«ልብህ ታሟል አሉኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «የልቤ ደም ሥር ሳይጠብ አይቀርም አሉ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ግባ አሉኝ። ቤተሰቤን ላማክር ብዬ ነው ያመለጥኳት።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ዓይኔ ደም ለበሰ።

«አየህ? አየህ አይደል? ምን አልኩህ! አንተን መቼ አዩህ? የተመረመርኩት እኔ! እኔ ደግሞ ይኸው እንደ ግንብ ቆሜያለሁ። አስቀድመው ስልሳ አንድ ይውጣ ብለው ወስነዋል ማለት ነው። ማሽኑ፣ ገመዱ፣ ብስክሌቱ፣ ሁሉም ለታይታ ነው!»

ጋሼ አሰበበት። «እውነትህን ነው» አለ። «እኔን እኮ አላዩኝም።»

ከዚህ የበለጠ ዓይን ያወጣ ውሸት ከየት ይመጣል? ማስረጃው እኔው ራሴ ነኝ። አብሶ ያቃጠለኝ ግን መናገር አለመቻሌ ነው። «ሰውየውን ሳታዩ ነው በሽተኛ ያላችሁት» ብል «አንተ በምን አወቅክ?» ሊሉኝ ነው። ጋውን መለዋወጣችን ከታወቀ ሁለታችንም ከበር ውጪ ነን። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ጋሼን በማግሥቱ ከጠረጴዛው አነሱትና ክር ማስቀመጫው ክፍል ወንበር ላይ አስቀመጡት። «ሆስፒታል እስኪሄዱ ድረስ ነው» አለችው አሰልጣኟ፤ በየቀኑም እየመጣች «ዛሬም አልሄዱም? ኧረ ጋሼ በፈጠረዎት! መኪናው ቆሞ ይጠብቅዎታል» እያለች ትለምነዋለች። እንዴት ይሂድ? ሌላ ሐኪም ደረቱን ቢያየው የማሽኑ ወረቀት የሌላ ሰው መሆኑ ሊታወቅ ነው። ዛሬ ነገ እያለ ይሸሻታል። ልመናዋ ሲበዛ የኔም ጥርጣሬ ባሰ፤ እንዲህ አጥብቀው የሚፈልጉት ሲያወጡት የሚፈርምላቸው ነገር ቢኖር ነው አልኩ።

ጋሼ ደግሞ ክር ክፍል ቁጭ ብሎ ማሰብ አበዛ። አንድ ቀን ደረቱን በመዳፉ ይዞ አገኘሁት።

«እዚህ ጋ ይወጋኛል» አለኝ።

«ምንህን? የኔን ምርመራ ሰምተህ ነው የሚወጋህ? ኧረ ተው ጋሼ!»

እሱ ወንበር ላይ ሲውል የሱ ሥራ የትም አልሄደም፤ እኔ ላይ ወደቀ። በፊት ተራውን ብቻ ነበር የምወጣለት፤ አሁን ጠቅላላውን ሆነ። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ከዝላይ የሚመጣው ፓራሹት ሁሉ የራሰ ነው። አንድ ቀን ማማው ወገብ ላይ ስደርስ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ክንዴ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሸክሜን አውርጄ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የሻይ ክበቡ ሾርባ ነው፤ ከጠጣሁት ጀምሮ አልተስማማኝም ነበር። ወደ ታች ሳይ አሰልጣኟ ሜዳው ዳር ቆማ ወደ እኔ ቀና ብላ ታያለች። ቀጥሎ እኔን ሊያወጡ ነው ማለት ነው አልኩና ብድግ ብዬ ወጣሁ። እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስወጣ የጋዝ ሲሊንደር አስሞልቼ ወደ ቤት ተሸክሜ ሄድኩ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። በየመታጠፊያው አሳረፍኩት፤ ጋዝ ሻጩ ከልኩ በላይ የሞላው መሰለኝ። በር ስከፍት ሚስቴ ሶፋው ላይ ተኮርምታ ታለቅሳለች። መሐረቧ እጇ ላይ ተጨማትሯል።

«ምን ሆንሽ?»

«ወንድሜ ሊሞት ነው!» አለች። «ለኔ ማን ይነግረኛል? ራዲዮ ባትነግረኝ ኖሮ ሬሳውን ነበር የማየው! ልቡ ታሞ፣ ሐኪም ግባ ብሎት፣ እምቢ ብሎ ክር ቤት ተቀምጧል አሉ። አንተም እያወቅክ ዝም ትለኛለህ? አንተም?»

ሲሊንደሩን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። እንባዋን ማየት አልችልም፤ የሆነው ይሁን አልኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ስሚኝ፣ አታልቅሺ። ጋሼ ምንም አልሆነም። አይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልቡን የነካው ሰው የለም። ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ ራዲዮ ጋ እንዳትተነፍሺው እንጂ።»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ጋውኑን፣ የቀለም ክፍሉን፣ ገመዱን፣ ብስክሌቱን። «እና ሳያዩት በሽተኛ ነህ አሉት! ገባሽ ተንኮላቸው?» ብዬ ስጨርስ እሷም እንደኔ ትሳደባለች ብዬ ጠበቅኩ።

እንባዋን መጥረግ ተወች።

«ቆይ» አለች። «ገመዱን የለጠፉት ማን ደረት ላይ ነው?»

«እኔ ደረት ላይ ነዋ! እያልኩሽ!»

«ብስክሌቱ ላይ የወጣው ማነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ታመመ ያሉት የማንን ልብ ነው?»

«የጋሼን» አልኩ። «የስልሳ አንድን።»

«ስልሳ አንድ ማነው?» አለች። ድምጿ ሌላ ሆነብኝ። «እኔ ቁጥር አላገባሁም።»

እሷ በሩ ሥር የቆመውን ሲሊንደር አየች፣ ግንባሬን አየች፣ ቀጥሎ ግራ ክንዴን። ለካ እየደባበስኩት ነበር። የማማው ደረጃ፣ ያ ደረቴ ላይ የተቀመጠብኝ ነገር፣ ሐኪሟ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ያስነሳችው፣ «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ያለችኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ሰው ስጠረጥር ልቤን ለአንድ ቀን እንኳን አልጠረጠርኩትም።

ሚስቴ ስልኳን አንስታ ወንድሟን ጠራችው። መጣ። በር ላይ እንደቆመ ነገረችው፤ ነገሩ እንደገባው ከፊቱ ታየኝ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

«አንናገርም» አልኩ እኔ። «ሌላ ሐኪም ቤት እንሂድ። እዚያ ከተናገርን ቤትህን ያስለቅቁሃል፤ የዓይኑን ምርመራ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም» አለ ጋሼ። «ያቺ ሐኪም ወረቀትህን ይዛለች፣ መኪናውም ቆሟል። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

«ቤቱስ?»

«ቤት ቤት አትበለኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጋሼ ጮኾብኝ አያውቅም።

ሌሊቱን ሚስቴ እጇን ደረቴ ላይ ጭና አደረች። ጠዋት ሦስታችን ሄድን። በሩ ላይ ያለው ዘብ ጋሼን «ጋውንዎትስ?» አለው። ጋሼ ክንዱ ላይ አጥፎ ይዞት ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ በሸሚዝ ብቻ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ትከሻው ከማውቀው የጠበበ መሰለኝ። አሰልጣኟ ስታየን ሮጣ መጥታ ራሷ ወደ ሐኪሟ ወሰደችን።

ጋሼ ጋውኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ሻምበል» አለ፣ «ይሄ ጋውን የኔ ነው። እርስዎ የመረመሩት ሰው ግን ይሄ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሚደረገውን እኔን ያድርጉኝ።»

«ውሸቱን ነው፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት ሐሳቡን» አልኩ።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። አንዴ ጋሼን አንዴ እኔን አየች። የሚመጣውን ቁጣ እየጠበቅኩ ጡንቻዬን ሁሉ ገትሬ ቆምኩ።

«የጋውኑን ነገር ከኮሎኔሉ ጋር ትነጋገራላችሁ፤ እኔ ልዋሽላችሁ አልችልም» አለች። «እኔ የማክመው ግን ጋውን አይደለም። እርስዎም ከዚህ ሰው በኋላ ይመረመራሉ፣ ያ ሳልዎ አላማረኝም። አሁን ማንም ከዚህ ክፍል በእግሩ አይወጣም፤ መኪናውን አስነሱ!» አለች ለአሰልጣኟ። ወደ እኔ ዞረች። «ይቀመጡ። በቀስታ። መኪናው እስኪጠጋ ድረስ የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄዎች እደግማቸዋለሁ። አሁን እውነቱን ይነግሩኛል?»

ለምን እንዲህ ትለፋለች? ምን ታገኛለች? ይሄ ክፉ አመሌ እዚያም አልተወኝም። ፊቷን ፈተሽኩት። እንቅልፍ ያጣች ሴት ፊት ነው፤ ሌላ ምንም አላገኘሁበትም።

«ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ይጨንቅዎታል?»

«በጭራሽ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ጋሼ ከጎኗ።

«አዎ» አልኩ። «ይጨንቀኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ይሄን ጋሼ ፊት መናገር አልፈለግኩም ነበር። ውጪ የመኪናው ሞተር ተነሳ።

«የሱን ተራ መውጣት ከጀመርኩ ጀምሮ» አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብሎ መጥቶ ሥሬ ተንበረከከ። ወደ መኪናው የሚወስደኝ ባለጎማ ወንበር ሲገባ ማንንም ሳያስጠጋ የጫማዬን ማሰሪያ ሲያጠብቅልኝ አየሁት፤ ማሰሪያዬ ግን አልተፈታም ነበር።